በእንግሊዝ ትንንሽ ሜዳዎች፦ ከሳንዲጌት እስከ ሉዊስ

የእንግሊዝ እግር ኳስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው 92 ክለቦችን ነው። 20ዎቹ በፕሪሚየር ሊግ፣ 72ቱ ደግሞ ከሥሩ ባሉት ሦስት ዲቪዚዮኖች ይጫወታሉ። ከነሱ በታች ግን እርከኑ ገና ብዙ ይወርዳል፤ በመጀመሪያ ብሔራዊ ሊግ፣ ከዚያ በየአካባቢው የተከፋፈሉ ሊጎች፣ በመጨረሻም የመንደር ሜዳ። እዚያ ታች የሚጫወቱት አብዛኞቹ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ ልምምድ የሚሠሩ ናቸው። በር ላይ ትኬት የሚቆርጡት፣ ሣር የሚያጭዱት፣ ሻይ የሚቀዱት ደግሞ በአብዛኛው ያለ ክፍያ ነው የሚያገለግሉት።

እነዚህን ሜዳዎች እየዞሩ ማየት በእንግሊዝና በጀርመን የቆየ ፍቅር ነው፤ ተጓዦቹ ግራውንድሆፐር ይባላሉ። እኔም በኦገስት መጨረሻ ሻንጣዬን አነሣሁ። በዚያ ሳምንት ሰኞ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ጨዋታ አይጠፋም። ሜዳዎቹን ስመርጥ በልቤ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነበር። መሬት እንዲህ በተወደደበት አገር፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የኳስ ሜዳ ሕንፃ ሳይሠራበት እንዴት ቆየ? ማን ጠበቀው? (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቅዳሜ፤ ሼፊልድ

ክሮስፑል ከሼፊልድ መሃል ከተማ በስተምዕራብ፣ ዳገት ላይ ያለ ሰፈር ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ ትንሽ እንደሄድኩ በመኖሪያ ቤቶች መካከል የሳንዲጌት ሜዳ መግቢያ ብቅ አለ። በሌላ ቀን ቢሆን ሳላስተውለው አልፈው ነበር።

ሳንዲጌት የሃላም ክለብ ሜዳ ነው። ክለቡ የተመሠረተው በ1860 ሲሆን በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26፣ በገና ማግስት፣ እዚሁ ከሼፊልድ ክለብ ጋር ተጫወተ። ሼፊልድ 2 ለ 0 አሸነፈ። ጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ቦታውን የዓለም አንጋፋ የእግር ኳስ ሜዳ ብሎ መዝግቦታል። ክሪኬት ደግሞ ከዚያም በፊት፣ ከ1804 ጀምሮ ይካሄድበት ነበር።

ሜዳው ተዳፋት ነው። በፎቶ ሲያዩት ያን ያህል አያስታውቅም፤ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ሲመለከቱ ግን ቁልቁለቱ ፊት ለፊት ይታያል። ጨዋታውን የሚወስነው ግማሹ እሱ ነው። ዳገቱን ይዞ የሚያጠቃው ቡድን ረጅም ኳስ ሲመታ ኳሷ አየር ላይ ደክማ ትወርዳለች። ቁልቁል የሚያጠቃው ደግሞ ጉልበቱን ካልመጠነ ኳሷ ከአጥቂው ቀድማ ከሜዳ ትወጣለች። የሃላም ተከላካዮች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ እንግዶቹ በረጅሙ የሚልኩትን ኳስ አብረው አይሮጡለትም፣ ዝም ብለው ይሸኙታል። እንግዳው የቀኝ ክንፍ ተጫዋች እንዲህ እየተሸኘበት ሲቸገር፣ አሠልጣኙ ከመስመር ዳር “እግሩ ሥር! እግሩ ሥር ስጡት!” እያለ ይጮኻል። ከአጥሩ ተደግፌ የቆምኩት ከአሠልጣኙ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብዬ ስለነበር ምክሩ ለኔ የተነገረ ያህል ይሰማኝ ነበር። ቴሌቪዥን የማይሰጠን ይሄ ነው፤ በረኛው ተከላካዮቹን በስም እየጠራ ሲያሰልፍ፣ ዳኛው ለአምበሉ በእርጋታ ሲያስረዳ፣ ሁለት ጉልበቶች ሲጋጩ የሚወጣው ድምፅ።

በእረፍት ሰዓት ትኬት ቆርጠውልኝ ከነበሩት አዛውንት ጋር አወራን። ስለ ዩዳን ዋንጫ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ቶማስ ዩዳን የሚባል የሼፊልድ የቴአትር ቤት ባለቤት በ1867 ዋንጫ አቅርቦ የከተማዋን ክለቦች አወዳደረ፤ በዓለም የመጀመሪያው የእግር ኳስ ዋንጫ ውድድር መሆኑ ነው። አሸናፊው ሃላም ሆነ። ከዚያ ዋንጫው ጠፍቶ ኖረና በ1997 ከአንድ ጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ተገዝቶ ወደ ክለቡ ተመለሰ።

“እስከ ስንት ሰዓት ነው በሩ ላይ የሚቆሙት?” አልኳቸው።

“ሁለተኛው አጋማሽ እስኪጀመር። ከዚያ በኋላ እኔም ተመልካች ነኝ” አሉኝ፤ እውነትም ፉጨቱ ሲሰማ የገንዘብ ሣጥናቸውን አስረክበው ዘወትር ወደሚቆሙበት ቦታ ሄዱ።

እሑድ፤ ኤድሊንግተን

ዛሬ ጨዋታ የለም። ወደ ዶንካስተር በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ኤድሊንግተን ሄድኩ። ኤድሊንግተን የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማውጫ መንደር ናት። እዚያ የወሰደኝ የአርተር ዋርተን መቃብር ነው።

ዋርተን በ1865 በዛሬዋ ጋና፣ አክራ ተወለደ። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ መጥቶ በ1886 በለንደን 100 ያርድ በ10 ሰከንድ ሮጦ ሻምፒዮን ሆነ። ለዳርሊንግተን፣ ለፕሬስተን፣ ለሮዘራም ታውንና ለሼፊልድ ዩናይትድ በረኛ ነበር። የዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው። ኳስ ካቆመ በኋላ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሆነ፤ በ1930 ድሃ ሆኖ ሞተና ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ። የመቃብር ድንጋይ የቆመለት በ1997 ነው። ከ60 ዓመት በላይ አልፎ!

መቃብሩ አጠገብ ብዙ ቆየሁ። ይህን ሰው ያስታወሱት ሀብታም ክለቦች አይደሉም፤ ታሪኩን ቆፍረው ያወጡትና ድንጋዩን ያቆሙለት ስሙ እንዳይጠፋ የተቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። አፍሪካዊ የኳስ አፍቃሪ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ከሄደ ትልልቆቹን ስታዲየሞች ከማየቱ በፊት እዚህ ጎራ ቢል እመክረዋለሁ።

ሰኞ፤ ድሮንፊልድ

የበዓል ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። ከሼፊልድ በስተደቡብ፣ ደርቢሸር ውስጥ ባለችው ድሮንፊልድ፣ ኮች ኤንድ ሆርሰስ ከተባለ መጠጥ ቤት ጎን የዓለም አንጋፋ የእግር ኳስ ክለብ ይጫወታል። የሼፊልድ ክለብ ኦክቶበር 24 ቀን 1857 በናትናኤል ክሬስዊክና በዊልያም ፕረስት ተመሠረተ፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ከመቋቋሙ ስድስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን የጨዋታ ሕግ ጽፈው ነበር፤ የማዕዘን ምትና የግቡ አግዳሚ ከሼፊልድ ሕግ ጋር ስማቸው ይነሣል። ፊፋ በ2004 የክብር ኒሻኑን ከክለቦች መካከል የሰጠው ለሪያል ማድሪድና ለሼፊልድ ክለብ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ክለብ የራሱ ሜዳ ያገኘው በ2001 እንደሆነ ስሰማ ግን ልቤ አዘነ። ከ140 ዓመት በላይ በሰው ሜዳ ሲንከራተት ኖሯል። በ2011 ደግሞ በእጅ የተጻፈውን የመጀመሪያ ሕጉን ጨምሮ የምሥረታ ሰነዶቹን ለንደን ውስጥ ለጨረታ አቀረበ፤ 881,250 ፓውንድ ተሸጡ። የራሱን የልደት ማስረጃ ሽጦ ነገውን ለመገንባት የተነሣ ክለብ ነው። በዚህ የሚፈርድ ይኖራል፤ እኔ አልፈርድም። ወረቀቱ ሌላ ቦታም ቢሆን ይነበባል፤ ቡድኑ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መጫወት አለበት።

ጨዋታው ራሱ ያን ያህል አልነበረም። ሙቀት ነበር፣ ሁለቱም ቡድኖች ቅዳሜ ተጫውተው ስለመጡ እግራቸው ዝሏል። ደስ ያለኝ የተመልካቹ ነገር ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ ከአንዱ ግብ ጀርባ የነበሩት ደጋፊዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ሜዳውን ዞረው ቡድናቸው ወደሚያጠቃበት ግብ ተሻገሩ። በትልልቆቹ ሊጎች ጨዋታው እየታየ መጠጥ መጠጣት በ1985 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ደጋፊም ወንበሩ ቁጥር አለው፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። እዚህ የሚቆምበትን የሚመርጠው ተመልካቹ ነው።

ማክሰኞ፤ ዌስት ኦክላንድ

ባቡሩ ወደ ሰሜን ዳርሊንግተን አደረሰኝ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ዌስት ኦክላንድ ቀጠልኩ። በደርሃም አውራጃ ያለች የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ናት። መሃሏ ላይ ሰፊ የሣር መስክ ተዘርግቷል፣ ዙሪያውን ቤቶች ቆመዋል።

ከዚህች መንደር የወጣ ቡድን ዓለም አቀፍ ዋንጫ አንሥቷል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በ1909 የሻይ ነጋዴው ሰር ቶማስ ሊፕተን በቱሪን ከተማ ውድድር አዘጋጀ። ከእንግሊዝ የሄደው ዌስት ኦክላንድ፣ የከሰል ቆፋሪዎች ቡድን ነበር። ለምን እነሱ እንደተጠሩ ብዙ ይወራል፤ “ደብሊው ኤ” የሚለው ምህፃረ ቃል ከዉልዊች አርሰናል ጋር ተምታቶ ነው የሚሉም አሉ። እንዴትም ይጠሩ፣ ሄደው የስዊዘርላንዱን ዊንተርቱርን በፍጻሜው አሸንፈው ተመለሱ። በ1911 ዋንጫቸውን ለማስጠበቅ ዳግም ሄዱ፤ ፍጻሜው ላይ ያገኙት ጁቬንቱስን ነበር። 6 ለ 1 አሸነፉት።

ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስላሸነፉ ዋንጫው የራሳቸው ሆነ። ጉዞው ግን ዕዳ ውስጥ ከትቷቸው ስለነበር ዋንጫውን ለመንደሩ ሆቴል ባለቤት በ40 ፓውንድ ብድር አስያዙ። ከእጃቸው ወጥቶ ቆየ፤ በ1960 መንደርተኛው 100 ፓውንድ ከፍሎ አስመለሰው። በ1994 ተሰረቀ። እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ አሁን ያለው በአምሳሉ የተሠራ ነው።

ማታ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ጨዋታው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ45 ላይ ይጀምራል፤ ፀሐይ እየጠለቀች ስለነበር መብራቱ ቀድሞ በርቷል። ሰሜናዊው ሊግ የተመሠረተው በ1889 ነው፣ በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ካሉት ሊጎች ሁለተኛው አንጋፋ። በእንግሊዝ እርከን ደግሞ ዘጠነኛና አሥረኛው ላይ ይገኛል። እኔ ግን በዚህ ጉዞ ካየኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ የበለጠ ፈጣኑና ብርቱው እዚህ ነበር። አጠገቤ የቆመ የአንድ ተጫዋች አባት፣ ልጁ ከንጋት ጀምሮ ጣራ ሲሠራ ውሎ በቀጥታ ወደ ሜዳ እንደመጣ ነገረኝ። ልጁ የግራ ተመላላሽ ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የተጋጣሚው አጥቂ ብቻውን ወደ ግብ ሲሮጥ፣ ይህ ጣራ ሲሠራ የዋለ ልጅ ከኋላ ደርሶ ተንሸራቶ ኳሷን ብቻ ነጠቀው። አባትየው አልጮኸም። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሁለት ጊዜ አጨበጨበና መልሶ ከተተ።

ከጨዋታው በኋላ ክበቡ ውስጥ ገብቼ ዋንጫውን በመስታወት ውስጥ አየሁት። ያሳየኝ ሰው ከዋንጫው ይልቅ ቡድኑ በ2012 እና በ2014 የትንንሽ ክለቦች ውድድር በሆነው በኤፍኤ ቬዝ ፍጻሜ ዌምብሌይ ደርሶ መሸነፉን ሲያወራ ነበር የሚንገበገበው። ለሱ የ1911ዱ ተረት ነው፣ ዌምብሌይ ግን በዓይኑ ያየው ሽንፈት ነው።

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ

ወደ ለንደን ተመለስኩ። እረፍት፣ ልብስ ማጠብ፣ የጨዋታ መርሐ ግብር መፈተሽ። ለተጓዥ የምሰጠው ምክር ቢኖር ይሄ የመጨረሻው ነው። በታችኛው እርከን ዝናብ ሜዳ ካጠገበ ጨዋታ በጠዋት ሊሰረዝ ይችላል፤ ስለዚህ ከቤት ከመውጣት በፊት የክለቡን ገጽ ማየት ግድ ነው።

ቅዳሜ፤ ለንደን

ጠዋት ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ፎረስት ጌት። ኦልድ ስፖትድ ዶግ የተባለው ሜዳ ከ1888 ጀምሮ ኳስ ይጫወቱበታል። ዛሬ የሄድኩት ጨዋታ ለማየት አልነበረም። ዋልተር ተል የተባለው ተጫዋች ለክላፕተን ክለብ የተጫወተው እዚህ ነው። በ1908-09 የውድድር ዘመን ክላፕተን የአማተሮችን ዋንጫ ሲያነሣ በቡድኑ ውስጥ ነበር፤ በ1909 ቶተንሃም ወሰደው። አባቱ ከባርቤዶስ የመጣ ሰው ነበር። ተል በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታኒያ ጦር መኮንን ሆኖ ማርች 25 ቀን 1918 ፈረንሣይ ውስጥ ወደቀ፤ አስከሬኑ አልተገኘም።

ቦታው ለብዙ ጊዜ የክርክር ቦታ ነበር። ደጋፊዎቹ በ2018 ክላፕተን ሲኤፍሲ የተባለ የራሳቸውን ክለብ መሠረቱና በ2020 ሜዳውን ገዙት። የገዙት አባላቱ ናቸው፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው። በአጥሩ በኩል ሆኜ ስመለከት ሁለት ሴቶችና አንድ ወጣት መንገዱን ከአረም እያጸዱ ነበር። “ባለቤቶቹ ናችሁ?” አልኳቸው። “አዎ፣ እኛ ነን” አሉኝ በኩራት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ለንደን፣ ወደ ዳልዊች ሃምሌት ሜዳ ቻምፒዮን ሂል ተሻገርኩ። እዚህ በ1948 ኦሊምፒክ ደቡብ ኮሪያ ሜክሲኮን 5 ለ 3 አሸንፋለች። የዛሬው ስታዲየም በ1992 አካባቢ እንደ አዲስ የተሠራ ቢሆንም ስሙና ወዙ የድሮ ነው። የኤፍኤ ዋንጫ ማጣሪያ ነበር። ውድድሩ በ1871 ሲጀመር 15 ክለቦች ተመዝግበው ነበር፤ ዛሬ ከ700 በላይ ይገባሉ፣ ትንንሾቹ በኦገስት ይጀምራሉ፣ ፍጻሜው ዌምብሌይ ላይ በሜይ ይደረጋል። ከግቡ ጀርባ የሮዝና የሰማያዊ ስካርፍ ያደረገው ሕዝብ ስለ ኤድጋር ኬይል ይዘምራል። ኬይል ለዚህ ክለብ ከ400 በላይ ግብ አግብቶ፣ ገንዘብ ሳይከፈለው በ1929 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ ሰው ነው። የሚዘምሩት ወጣቶች አያቶቻቸው እንኳ ሲጫወት አላዩት ይሆናል።

በ2018 ይህ ሕዝብ ሜዳውን ተነጥቆ ነበር። መሬቱን የያዘው ሕንፃ አልሚ ኩባንያ ክለቡን አስወጣ፤ “ዳልዊች ሃምሌት” የሚለው ስም ሳይቀር የንግድ ምልክት ሆኖ እንዲመዘገብለት ተሞከረ። ክለቡ ወራት በሌላ ሜዳ ተሰዶ ከርሞ በዲሴምበር ተመለሰ። ያመለሰው የደጋፊው ጩኸት፣ የአካባቢው ምክር ቤትና የፖለቲከኞች ጫና ነው። ይህን እያወቅሁ ሰዉን ስመለከት የተሰማኝን ልናገር፤ ቡድኑ ሲመራም ሲመራበትም ዝማሬው አልቀነሰም። ሜዳቸውን አንዴ አጥተው ያገኙ ሰዎች ዘጠና ደቂቃውን በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት።

እሑድ፤ ሉዊስ

ከለንደን ቪክቶሪያ አንድ ሰዓት ገደማ። ከባቡር ጣቢያው እስከ ሜዳው የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። ድሪፒንግ ፓን ይሉታል፤ በዙሪያው የሣር ግንብ ያለው ጎድጓዳ ሜዳ ነው። መነኮሳት ጨው ያወጡበት ነበር የሚል ወግ አለው፤ የገዳሙ ፍርስራሽም እውነትም ቅርብ ነው። ከግንቡ ላይ ሲቀመጡ ከሜዳው ባሻገር አረንጓዴ ኮረብታዎች ይታያሉ። ባየሁት ሁሉ ውስጥ እንዲህ የሚያምር የለም።

ሉዊስ በ1885 የተመሠረተ ነው፤ ዕዳ ሊያጠፋው ሲል በ2010 ወደ ደጋፊዎቹ ባለቤትነት ተዛወረ። በ2017 ደግሞ ለሴቶችና ለወንዶች ቡድኑ እኩል በጀት መመደብ ጀመረ፤ ይህን በማድረግ የመጀመሪያው ክለብ ነው። ዛሬ ያየሁት የሴቶቹን ጨዋታ ነው። አማካይዋ ኳስ ከመቀበሏ በፊት ሁለት ጊዜ ዘወር ብላ ታያለች፣ ከዚያ በአንድ ንክኪ ትገለብጠዋለች፤ የመጀመሪያው ግብ የመጣው ከዚህ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ወደ ግንቡ መጥተው ከልጃገረዶች ጋር ቆሙ፣ ማልያ ላይ ፈረሙ። አንዲት ሕፃን ለበረኛዋ ጓንቷ ምን ያህል እንደሚከብድ ጠየቀቻት። በረኛዋ አውልቃ አስለካቻት።

በመልሱ ባቡር ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ወፍራም ማስታወሻ ደብተር አወጡ። የሜዳው ስም፣ ቀኑ፣ የተመልካቹ ቁጥር፣ የሻይው ጥራት በዓምድ በዓምድ ተጽፏል። እሳቸውም ግራውንድሆፐር ናቸው። ሜይደንሄድ ሄጄ አለማወቄን ሲሰሙ ተቆጡ። በዚያ ያለው ዮርክ ሮድ ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 1871 ጀምሮ ያለማቋረጥ የአንድ ክለብ ሜዳ ሆኖ የኖረ ነው። “ሳንዲጌትን ዓይተህ እሱን ሳታይማ!” አሉኝ። መርሐ ግብሩን አብረን አየን፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ሜዳቸው ላይ ጨዋታ አለ። ከፓዲንግተን በሚነሣው ባቡር እሄዳለሁ፤ እሳቸው በር ላይ እንደሚጠብቁኝ ቃል ገብተውልኛል።